ለትንሽ ውሻ አንገት የሚመች ማሰሪያ፦ ከመለካት እስከ ማጠብ

ቆሎ ትባላለች። ስትመጣ ከእፍኝ ቆሎ ስለማትበልጥ ነው ስሙ የወጣላት። አሁን አድጋም 3 ኪሎ አትሞላም። ዘሯን ከጠየቃችሁኝ፣ ግማሽ ማልቲዝ ግማሽ የሰፈር ልጅ ናት። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። ሊፍት የለም። ስንወርድ በራሷ እግር፣ ስንወጣ በኔ ክንድ።

የመጀመሪያ ማሰሪያዋን የገዛሁት መንገድ ላይ ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ቃጭል የተንጠለጠለበት፣ ዙሪያውን ብረት የተሰካበት። ሻጩ «ለሷ ነው የተሠራው» አለኝ። አመንኩት። በሳምንቱ ቆሎ መሳል ጀመረች። ሳሉ የውሻ አይመስልም፤ ዝይ የምትጮህ ነው የሚመስለው። ወሩ ሐምሌ ነበርና ብርድ መትቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። በጋቢ ጠቅልዬ አስተኛኋት። ሳሉ ባሰ። ሐኪም ጋ ስወስዳት፣ ሰውየው ገና ሳይመረምራት ማሰሪያውን ፈታና መዳፉ ላይ አድርጎ መዘነው። «ይቺን የምታህል ፍጡር ይሄን ተሸክማ ነው የምትጎተተው?» አለኝ። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዝቼ ብዙ ጥያለሁ። እናንተ እንዳትጥሉ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለዩ

ብዙዎቻችን ያደግነው ቀን በር ላይ ታስሮ፣ ማታ ተፈትቶ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ እያየን ነው። ስለዚህ «የውሻ ማሰሪያ» ሲባል የሚታየን የማይበጠስ ነገር ነው። ሰንሰለት፣ ብረት፣ አንዳንዴም ጓጉንቸር ቁልፍ። ለትንሽ ውሻ ይህ ሐሳብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ቆሎን ለመያዝ የጫማ ክር ይበቃል። የሚያሰጋው ማሰሪያው መበጠሱ ሳይሆን አንገቷ መጎዳቱ ነው።

የኔ ደንብ አጭር ናት፦ አንገት ስልክ ቁጥር ይሸከማል፣ ጉተታውን ደረት ይሸከማል። የአንገት ማሰሪያው ውሻው ቢጠፋ ባለቤት እንዳለው የሚናገር መታወቂያ ነው። ለእግር ጉዞ ገመድ የሚታሰረው ደረት ላይ በሚውል ማሰሪያ ነው፤ ሻጮቹ «ሃርነስ» ይሉታል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የውሻ የአየር ቧንቧ በለስላሳ አጥንት ቀለበቶች የተደገፈ ነው። ቀለበቶቹ ሙሉ ክብ አይደሉም። የፈረስ ጫማ ቅርጽ አላቸው፤ ክፍት የሆነውን ጎን የሚዘጋው ስስ ሥጋ ነው። በትንንሽ ዝርያዎች ላይ ቀለበቶቹ እየላሉ ይሄዱና ቧንቧው ይጠባል። ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያን፣ ቺዋዋ፣ ማልቲዝና ትንሹ ፑድል በዚህ ይታወቃሉ። በሽታውን ማሰሪያ ብቻውን ያመጣዋል ማለት አይደለም። ድክመቱ ካለ ግን እያንዳንዱ ጉተታ ያባብሰዋል። ያ የዝይ ድምፅ ያለው ሳል ዋናው ምልክቱ ነው። ሳሉን ከሰማችሁ ማሰሪያውን ፍቱና ሐኪም አማክሩ። ድድና ምላስ ወደ ሰማያዊ ካደላ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ይዛችሁ ሩጡ።

ፊታቸው ጠፍጣፋ፣ ዓይናቸው ወጣ ያለ ውሾች፣ ማለትም ፑግ፣ ሺትዙና ፔኪኒዝ፣ ሌላም ጣጣ አለባቸው። አንገት ሲጎተት በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ለነሱ ገመድን አንገት ላይ ማሰር ጨርሶ ይቅር ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ «ትንሽ ውሻ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚል ዘመድ ካላችሁ፣ ጃንሆይም ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው አስታውሱት። እኔ አጎቴን ዝም ያሰኘሁት በዚህ ነው።

2. ለኩ፤ በዓይን አትገምቱ

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሁለት ማሰሪያ የጣልኩት ሳልለካ ገምቼ ስለገዛሁ ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ከሌላችሁ የጫማ ክር በአንገቱ አዙሩ፣ የሚገናኝበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ በማስመሪያ ለኩት። ውሻው ይቁም። ተኝቶ ወይም ተቀምጦ ከሆነ የአንገቱ ልክ ይለወጣል። የምትለኩት ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ነው፤ ከመንጋጋው ሥር ሳይሆን ወረድ ብሎ ያለውን የአንገት ክፍል።

ጸጉር ያታልላል። ቆሎ ጸጉሯ ሲያድግ የበግ ግልገል ትመስላለች። ስትታጠብ ደግሞ አይጥ። ስለዚህ ሜትሩን ከጸጉሩ ሥር አስገብታችሁ ቆዳው ላይ አሳርፉት፤ ግን አታጥብቁት። ባለ ብዙ ጸጉር ውሻ ከሆነ እርጥብ እያለ መለካት ይቀላል።

ሦስት ቁጥር ጻፉ። አንደኛው የአንገት ዙሪያ ነው። ሁለተኛው የጭንቅላት ዙሪያ ነው፤ ጆሮው ሥር፣ ሰፊው ቦታ ላይ። ሦስተኛው የደረት ዙሪያ ነው፤ ከፊት እግሮቹ ኋላ። የጭንቅላቱ ልክ ከአንገቱ ብዙ ካልበለጠ፣ ማሰሪያው በቀላሉ ሾልኮ እንደሚወጣ ከአሁኑ እወቁ።

የቆሎ አንገት 20 ሴንቲሜትር ነው። ለሷ የሚሆናት ከ16 እስከ 24 የሚስተካከል ነው። አንገቱ ልክ ከመሃል እንዲውል እፈልጋለሁ። ሲጠብም ሲሰፋም ቦታ ይኖረኛል ማለት ነው። ዕቃው ላይ «ኤስ» ወይም «ኤክስኤስ» የሚል ፊደል ታያላችሁ። አትመኑት። የአንዱ ፋብሪካ ትንሽ ለሌላው መካከለኛ ነው። ሴንቲሜትሩን ጠይቁ። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ፣ እዚያ በኢንች ሊሸጥ ይችላልና ሴንቲሜትሩን ለ2.54 አካፍላችሁ ላኩለት። «ለትንሽ ውሻ» ብላችሁ ብቻ ከላካችሁ፣ ለበግ የሚሆን ይዞ ይመጣል።

ቡችላ ከሆነ በየሳምንቱ ለኩ። ትንንሽ ዝርያዎች በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ዕድገታቸውን ይጨርሳሉ። እስከዚያ ውድ ቆዳ አትግዙ። ቶሎ ይጠብባቸዋል፤ ጠባብ ማሰሪያ ሳይታይ ቆዳን ይበላል።

3. ስፋትና ክብደት

ቀጭን ገመድ የመሰለ ማሰሪያ ለትንሽ ውሻ የሚመች ይመስላል። አይደለም። ቀጭን ሲሆን ጫናው በአንድ መስመር ላይ ያርፋል፤ እንደ ሽቦ ይቆርጣል። በጣም ሰፊ ሲሆን ደግሞ አገጩንና ትከሻውን ይፍቃል፤ ውሻው አንገቱን ማዞር ይቸግረዋል። ከ3 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻ 1 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከዚያ እስከ 7 ኪሎ ላለ 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ፣ እስከ 10 ኪሎ ላለ ቢበዛ 2 ሴንቲሜትር በቂ ነው።

ክብደቱን ማንም አይመዝንም። እኔ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ። የራሴ ልክ ማሰሪያው ከነስም መለያው ከውሻው ክብደት አንድ መቶኛ እንዳይበልጥ ነው። ለ3 ኪሎ ውሻ 30 ግራም ማለት ነው። ያ ቀዩ ማሰሪያ ስንት እንደመዘነ አልነግራችሁም።

ብረቱን አስተውሉ። ትንሽ ጨርቅ ላይ ትልቅ ቀለበት ሰክተው የሚሸጡ አሉ። የገመዱ ጫፍ መንጠቆም እንዲሁ ነው። ለትልቅ ውሻ የተሠራ መንጠቆ ትንሿን ውሻ በየእርምጃዋ ይመታታል። ቃጭሉንም አውልቁት። ለኛ ያምራል፤ ለሷ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ሥር የሚንጫጫ ነገር ነው።

4. ከምን ይሠራ?

ናይለን ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃ አይጎዳውም። ጉድለቱ ጠርዙ ነው። ርካሹ ናይለን ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። ጣታችሁን ሳይሆን የክንዳችሁን ውስጠኛ ክፍል አምጡና ማሰሪያውን ወዲያና ወዲህ ሳቡበት። እናንተን ከቧጠጣችሁ እሱንም ይቧጥጠዋል። ጠርዙ የታጠፈ ወይም ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ የተደረበበትን ምረጡ።

ጥጥ ከሁሉም ለስላሳው ነው፤ ቆዳቸው ለሚቆጣ ውሾች እሱን እመርጣለሁ። ግን በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሸታል። ሁለት ገዝቶ ማፈራረቅ ነው።

ቆዳ የኛ አገር ነገር ነው፤ ብንኮራበትም ያምርብናል። ለስላሳ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ከውስጥ የተደረበበት ማሰሪያ እያደር ከአንገቱ ጋር ይላመዳል፤ እንደ ናይለንም ጸጉር አያቋጥርም። ረጅም ጸጉር ላላቸው ውሾች ክብ ሆኖ የተሰፋ የቆዳ ማሰሪያም አለ። ጸጉሩን አይቋጥርም፣ ግን ጠባብ ስለሆነ ለመታወቂያ ብቻ እንጂ ለገመድ አይሁን። ቆዳ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥባችሁ ከውስጥ በኩል እሹት። ቀለሙ ሶፍቱ ላይ ከወጣ ነጩ ውሻችሁ በመጀመሪያው ዝናብ ሮዝ ይሆናል። ቆሎ ለሁለት ሳምንት ሮዝ ሆና ነበር። የጎረቤት ልጆች በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

ሰንሰለት፣ ሲጎተት የሚያንቅ ማሰሪያ፣ ወደ ውስጥ ጥርስ ያለው ብረት፣ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፦ ለትንሽ ውሻ አንዳቸውም አይሆኑም። ስለነሱ ብዙ ማለት አልፈልግም።

5. መዝጊያው

ዘለበት ያለው፣ እንደ ሱሪ ቀበቶ በቀዳዳ የሚስተካከለው፣ አስተማማኝ ነው። ችግሩ ልኩ በቀዳዳዎቹ መካከል ሲወድቅ ነው። ቀጭ ብሎ የሚዘጋው የፕላስቲክ መዝጊያ ለማስተካከል ይመቻል፤ ግን ጥራቱ ይለያያል። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ አሥር ጊዜ ክፈቱና ዝጉት። ዘግታችሁ በሁለት እጅ ሳቡት። ጥርሱ ከተንሸራተተ መልሱት። ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሲጎተት ራሱ የሚከፈት መዝጊያ ያለውም አለ። አንገቱ ሽቦ ወይም የበር እጀታ ላይ ቢያዝ ይለቀዋል። ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ገመድ ግን አታስሩበት፤ አንድ ጊዜ ሳብ ስታደርጉት ባዶ ማሰሪያ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የድመት ማሰሪያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ልካቸው ለትንሽ ውሻ ስለሚሆን ብዙ ሰው ይገዛቸዋል። ከመንገድ ዳር ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ይዋሉ።

6. ከየት ይገዛ፣ ማን ያስተካክለው?

መሃል ከተማ ላይ ምርጫው እንደ ዕድላችሁ ነው። የእንስሳት ክሊኒኮች መድኃኒት ከሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ጎን ጥቂት ማሰሪያ ሊኖራቸው ይችላል። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም አንዳንዴ ይኖራቸዋል። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ ግን ለትልቅ ውሻ የሚሆነው ይበዛል፣ ፈልጎ ማግኘትም ግማሽ ቀን ይበላል። ከተቻለ ውሻውን ይዛችሁ አትሂዱ። ግርግሩ እሱንም እናንተንም ያደክማል። የጻፋችኋቸውን ሦስት ቁጥሮችና ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ልኩን ካላገኛችሁ አሠሩ። ቦርሳ የሚሰፉና የሚጠግኑ ሰዎች የቦርሳ ማንገቻ ጠፍር አላቸው። ትንሽ ዘለበትና ቀለበት ጨምረው በልኩ ይሰፉላችኋል። ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ ቀለበቱ የተሰፋበት ቦታ ላይ በኤክስ ቅርጽ ይሰፋ። የናይለኑ ጫፍ እንዳይተረተር በክብሪት ያዝ ያደርጉታል። እዚያ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ የቀለጠው ሲደርቅ ጠጣር ሾጣጣ ጫፍ ይተዋል። ወደ ውጭ ይዙር።

የቆዳ ማሰሪያ ቀዳዳ ለመጨመር ጫማ ሰፊ ይበቃል። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ጥግ ይዘው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ነው የሄድኩት።

«አባባ፣ አንድ ቀዳዳ ይጨምሩልኝ።»

ማሰሪያውን አገላብጠው አዩት። «ለሰዓት ነው?»

«አይ፣ ለውሻ ነው።»

«ለውሻ?» ወስፌያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «እንዲህ የሚያህል አንገት ያለው ውሻ ምን ይጠብቃል የኔ ልጅ?»

«እኔን ነዋ።»

ሁለት ቀዳዳ በሱልኝ፤ ለአንዱ አላስከፈሉኝም።

7. ስታጠልቁለት እነዚህን ፈትሹ

«ሁለት ጣት ይግባ» የሚለውን ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ለትልቅ ውሻ እውነት ነው። ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻ ሁለት የጎልማሳ ጣት ብዙ ነው። አንድ ጣት ተኝቶ ሳይጨናነቅ ይግባ፤ ከዚያ በላይ ላላ ማለት ነው። ጣቱ ከጸጉሩ ሥር፣ ቆዳው ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ማሰሪያውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጆሮው ሳቡት። ጆሮውን ካለፈ አንድ ቀዳዳ አጥብቁ። የላላ ማሰሪያ ከጠበበው ያልተናነሰ አደገኛ ነው። ውሻው ራሱን ሲያክክ የኋላ እግሩ ይገባበታል፣ ወይም የታች መንጋጋው ተይዞ ይደነግጣል።

ከዚያ ውሃ ስጡት። አንገቱን አጎንብሶ ሲጠጣ ማሰሪያው ወደ መንጋጋው ተንሸራቶ የሚጫነው ከሆነ ሰፊ ነው ወይም ከባድ ነው። ድምፁን አድምጡ። ቢያንኮራፋ፣ ቢውጥ ቢውጥ፣ ቢያስል ፍቱት።

በሦስተኛው ቀን ጸጉሩን ገልጣችሁ ቆዳውን እዩ። መቅላት፣ መላጥ፣ የተቋጠረ ጸጉር ካለ፣ አንድ ነገር ተሳስቷል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የፕላስቲኩ መዝጊያ የውስጥ ጎን ነው።

8. አለማምዱት

አዲስ ማሰሪያ የገባለት ውሻ ይንከባለላል፣ ይቧጥጣል፣ እንደ ተቀጣ ሰው ጥግ ይዞ ይቆማል። አትዘኑለት። መጀመሪያ ወለል ላይ አስቀምጡለት፣ ያሽትተው። ከዚያ ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ አጥልቁለት። ሐሳቡ ሳህኑ ላይ ስለሚሆን ይረሳዋል። በየቀኑ ጊዜውን ጨምሩ። ሽልማት ከሰጣችሁ ጨው የሌለው ቅቅል ሥጋ ይሁን። ከወጥ ላይ አንስታችሁ አትስጡ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም።

9. ለእግር ጉዞ፦ የደረት ማሰሪያ

የአየር ቧንቧ ነገር ባይኖር እንኳ፣ በመሃል ከተማ ስትኖሩ የደረት ማሰሪያ ያስፈልጋችኋል። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ የሳይክል መስመርም ተጨምሯል። ለመራመድ ያስደስታል። ግን ብስክሌት ድንገት ሲመጣ ገመዱን ሳብ ማድረግ ግድ ነው። ያ ጉተታ አንገት ላይ ቢያርፍ አስቡት።

ከዚያ የባሰው የመንገድ ውሾች ናቸው። አመሻሽ ላይ ሦስት አራት ሆነው ሲመጡ ትንሿን ውሻችሁን በቶሎ ማንሳት አለባችሁ። ውሻን በአንገት ማሰሪያው ማንሳት ማነቅ ነው። ጀርባው ላይ መያዣ ያለው የደረት ማሰሪያ ከሆነ ግን እንደ ዘንቢል ብድግ ታደርጉታላችሁ። እኔ አራት ኪሎ አጠገብ አንድ ማታ ይህን አድርጌ ቆሎን አትርፌአለሁ።

ምርጫው ላይ ደረቱን ተመልከቱ። ከፊት ሲታይ ጠፍሮቹ ከሁለቱ ትከሻዎች መጥተው ደረቱ መሃል ላይ ተገናኝተው ወደ ታች የሚወርዱ ይሁኑ። ትከሻውን አግድም የሚያቋርጥ ከሆነ እርምጃውን ያሳጥረዋል። ብብቱን እንዳይፍቅ፣ ከፊት እግሩ ኋላ አንድ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። በቬልክሮ ብቻ የሚዘጋ አትግዙ፤ ጸጉር ሲሞላው አይይዝም።

ገመዱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። እየተዘረጋ የሚሄደውን ተዉት። ውሻው ሮጦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያስቆመው ድንጋጤ ከባድ ነው፤ የሳይክል መስመር ላይ ደግሞ ሰው ይጠልፋል። ሊፍት ያለው ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ ውሻውን ተሸክማችሁ ግቡ። በር ተዘግቶ ገመዱ ውጭ ቢቀር የሚሆነውን መጻፍ አልፈልግም። በረንዳም ላይ አስራችሁ አትሂዱ። ትንሽ ውሻ በብረቱ መካከል ሾልኮ ይንጠለጠላል።

10. ስልክ ቁጥሩ

ማሰሪያው ያለ ስልክ ቁጥር ጌጥ ብቻ ነው። ማኅተም የሚቀርጹ ሰዎች በቀጭን ብረት ላይ ይቀርጹላችኋል። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ሁለት ቁጥር ይኑረው፤ የናንተና ቤት የማይጠፋ ሌላ ሰው። የውሻውን ስም መጻፍ ግድ አይደለም፤ ቦታ ከተረፈ «ተከትቤያለሁ» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ውሻ ነው። ስለዚህ ሰው የማያውቀውን ውሻ ቢፈራ አይፈረድበትም። ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ አስከትቡ፣ በየዓመቱ አሳድሱ፣ ከዚያ በኩራት ጻፉት። የሚንጠለጠለው ካስቸገረ በማሰሪያው ላይ ተለጥጦ የሚሰፋ ይሻላል፤ ወይም በማይለቅ ቀለም ጨርቁ ላይ ጻፉት። እናቴ በማሽን ጠልፋልኛለች። ከሁሉም እሱ ቆይቷል።

11. ማታ፣ ክረምትና ቁንጫ

ማታ አውልቁለት። አንገቱ ይተንፍስ። ሁለት ውሾች ካላችሁ ሲጫወቱም አውልቁ፤ የአንዱ ጥርስ በሌላው ማሰሪያ ውስጥ ተይዞ ሁለቱም ሲደናገጡ ሊታነቁ ይችላሉ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ማሰሪያው እርጥብ ሆኖ አይዋል። እርጥብ ማሰሪያ ሥር ቆዳ ይሞቃል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ናይለንና ጥጥ በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፤ ሳሙናው በደንብ ይውጣ። ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ላይ ይድረቅ። ፀሐይ ወይም ከሰል አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይሰነጠቃል። የጫማ ቀለም አትቀቡት፤ ውሻ ራሱን ይልሳል።

ቁንጫና መዥገር የሚከላከል ማሰሪያ የሚባለው ሌላ ዕቃ ነው። መድኃኒት ነው። ስንት ወር ለሞላው፣ ስንት ኪሎ ለሚመዝን እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ አትግዙ። ለትልቅ ውሻ የተሠራውን አሳጥሮ ለትንሽ ማሰር ብልሃት ይመስላል፤ ግን መድኃኒቱ የተለካው ለትልቅ ገላ ነው። ቤት ውስጥ ዳዴ የሚል ሕፃን ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

በየወሩ አንድ ጊዜ ስፌቱን፣ ቀለበቱንና መዝጊያውን እዩ። ክር ከተፈታ፣ ቀለበቱ ከዛገ፣ ፕላስቲኩ ነጭ መስመር ካወጣ፣ ጊዜው አልፏል።

12. ከቡሄ በፊት

ይህን ክፍል የጻፍኩት ባለፈው ዓመት ከደረሰብኝ ነው። ነሐሴ 13 ሊደርስ ሲል ልጆች ጅራፍ ማጮህ ይጀምራሉ። ለሰው ጆሮ ደስ ይላል። ለ3 ኪሎ ውሻ ግን ጥይት ነው። ከዚያ ሆያ ሆዬ ይመጣል፣ ዱላው ደረጃውን ይደበድባል፣ በሩ ይከፈታል። ቆሎ በእግሮቻቸው መካከል አልፋ ወጣች። ማሰሪያዋን አንድ ቀዳዳ አላልቼላት ነበርና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተያዘባትና ሾልካ ባዶ አንገቷን ቀረች። ስልክ ቁጥሬ ደረጃው ላይ፣ ውሻዬ ሌላ ቦታ።

ሁለት ሰዓት ፈለግናት። የመሬት ቤቷ እማማ ናቸው ያገኟት፤ ከማድቤታቸው በር ኋላ፣ ከከሰል ጆንያው ጎን ተሸሽጋ።

ስለዚህ ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ የጣትና የጆሮ ፍተሻውን እንደ አዲስ አድርጉ። ክረምት ጸጉሩን ካስቆረጣችሁት ማሰሪያው ይላላል፤ አንድ ቀዳዳ አጥብቁ። ልጆቹን ልትከፍቱላቸው ስትሉ መጀመሪያ ውሻውን መኝታ ቤት አስገቡና ዝጉ፣ ከዚያ ሙልሙሉን ስጧቸው። መስከረም 16 የደመራ ዕለት፣ በአዲስ ዓመትና በገና ርችት ሲተኮስም እንዲሁ። በነዚህ ቀናት ውጭ መውጣት ግድ ከሆነ ገመዱን በሁለቱም እሰሩ፦ ዋናውን በደረቱ፣ ቀጭን ተጨማሪውን ላላ አድርጋችሁ በአንገቱ። አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዛል። ቆሎ ዘንድሮ በቡሄ ማግስት እንዲህ ሆና ነው ለሽንቷ የወጣችው። እማማ በር ላይ ቁመው አዩንና «ዛሬስ ፓራሹት ነው ያሰራችሁላት?» አሉ።